ለድካሜ የተሰካልኝ ቫይታሚን

ዛሬ የራሴን ልንገራችሁ።

የመገጣጠሚያ ብግነት ከያዘኝ 9 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት ግን ድካሙ ከሕመሙ ባሰ፤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። "ያው ሕመሙ ነው" አልኩና፣ እናንተን ሳትመረመሩ አታድርጉ የምላችሁን እኔው አደረግኩት፤ ቫይታሚን የተቀላቀለበት ግሉኮስ ተሰካልኝ።

ሁለት ቀን ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ድካሙ ተመለሰ። ሌላ ልጨምር ስል ባለቤቴ "ታካሚ ቢሆን መጀመሪያ ደም አታሳየውም ነበር?" አለችኝ። አፈርኩ።

ሄሞግሎቢኔ 8 ሆኖ ተገኘ። ለመገጣጠሚያዬ የምውጠው ዳይክሎፌናክ ጨጓራዬን አቁስሎ ቀስ በቀስ ያደማኝ ነበር። ሰገራዬ መጥቆሩንም አይቼ ችላ ብዬ ነበር። ቫይታሚን ደግሞ መድማት አያቆምም። ማስታገሻውን አቁሜ፣ ቁስሉን ታክሜ፣ ብረት ወስጄ ከወራት በኋላ ደረጃውን ወጣሁት።

ስለዚህ አደራ፦

✅ ድካም ከጠናባችሁ ከቫይታሚኑ በፊት የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ አድርጉ።
✅ ሜትፎርሚን ለዓመታት የምትወስዱ የቫይታሚን ቢ12 መጠናችሁን ታዩ።
✅ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።
❌ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ሐኪማችሁ ሳያውቅ አታሰኩ፤ ፈሳሹም ማግኒዚየሙም ሊጎዳችሁ ይችላል።

ቫይታሚን የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። የጎደለውን የሚነግረን ደግሞ ምርመራ ነው።

ጤና ይብዛላችሁ!