የሐኪሞች ጠበቃ

የምሠራው ልደታ አካባቢ በሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ቅርብ በመሆኑ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ጠበቆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በመስኮቴ በኩል ለዓመታት የማውቃቸው አንድ አዛውንት አሉ። ብር ስቆጥርላቸው «አንተም እንደ እኔ የሰው ነገር ስትቆጥር የምትውል ነህ» እያሉ ይቀልዱብኛል። የሚሟገቱት ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለክሊኒኮች መሆኑን ያወቅሁት ግን እናቴ ከሞተች በኋላ ነው።

እናቴ ቀላል ነው የተባለ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በማግሥቱ ንጋት ላይ አረፈች። ለምን እንደሞተች የነገረን ሰው አልነበረም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉን፤ ወረቀት አስፈርመው አስከሬኗን ሰጡን። ሐዘኑ በረድ ሲል ቁጣው መጣ። የካርዷን ቅጂ በብዙ ምልልስ አውጥቼ በፖስታ ይዤ መዞር ጀመርሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አዛውንቱን ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ ሐኪም መክሰስ እፈልጋለሁ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ እኔ የምቆመው በወዲያኛው ወገን ነው። ቢሆንም ና፣ ቡና እንጠጣ» አሉኝ።

በወጣትነታቸው ድሬሰር ነበሩ። ኋላ ሕግ በማታ ተምረው ጥብቅና ገቡ፤ የቁስል ሽታ ያውቁ ነበርና የሐኪሞች ጉዳይ ወደ እርሳቸው አዘነበለ። «የተከሰሰ ሐኪም እንደ ታማሚ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። «መጀመሪያ የምነግረው ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› የሚለውን ተረት ነው። እርሱ ለስንቱ ሲነግረው የኖረውን ከእኔ ሲሰማው ይደነግጣል።»

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ ሐኪምንና የመኪና አሽከርካሪን በአንድ ስፍራ በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። «ሁለቱም የሰው ሕይወት ይዘዋል» አሉ ጠበቃው። «ግን የአሽከርካሪው ተሳፋሪ ጤነኛ ነው፤ የሐኪሙ ተሳፋሪ ገና ሳይሳፈር መንገድ የጀመረ ነው።» በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2031 ባለሙያን የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው። ታማሚው መሞቱ ብቻ ጥፋት አይባልም።

«ካሣስ?» አልሁ። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ያው ሕግ በቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ መወሰኑን ነገሩኝ። ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና ሳላስበው በልቤ ቆጠርሁት፤ በ2013 ዓ.ም. ከወጣው ባለ 200 ብር አምስት ወረቀት። ለኑሮ መተዳደሪያ የሚጠየቀው ካሣ ሌላ ነው፤ እናቴ ግን የምትተዳደረው በእኔ ደመወዝ ነበር።

ግጥም ስለምሞክር ጥብቅና ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው የጥንቱ «በላ ልበልሃ» ነበር፤ ቆሞ፣ ነገርን በምሳሌ እያሰረ የሚሟገት ሰው። የእርሳቸው ሙግት ግን ከካርድ ጋር ነው። በሕክምና ቤት ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ይህስ ለእኔም እንግዳ አይደለም፤ ፊርማ የሌለበት ወረቀት በእኛም ዘንድ ገንዘብ አያንቀሳቅስም።

ፖስታውን ተቀብለው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የደም ግፊቷ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አንድም ቁጥር አልነበረም። «ነርሷ ለክታ ሳትጽፍ ቀርታ ይሆናል። ወይም አልመጣችም። ተከላካይ ብሆን የምፈራው ይህን ባዶ ቦታ ነው።»

ለምን እንደነገሩኝ አልገባኝም። ስኒውን አስቀምጠው ቀጠሉ። «በሠላሳ ዓመት ስንት ከሳሽ ሰማሁ! ችሎት ቆመው ገንዘብ የሚሉት ብዙ አይደሉም። ‹ምን እንደሆነ ማን ነገረን?› ነው የሚሉት። ሐኪሙ እንዳይነግራቸው የምመክረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቃሉ ኋላ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብበት። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ግን ስንቱን ክስ በዚያው ምክር እንደወለድሁት እንጃ!»

ጉዳዬን ሊይዙልኝ አልፈለጉም። ለሌላ ጠበቃ አመለከቱኝ፤ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት መክሰሻው 2 ዓመት መሆኑንም አስጠነቀቁኝ። ስንለያይ «ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙን ራሱን ጠይቀው» አሉኝ።

ሄድሁ። ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። የእናቴን ስም ስጠራ ወንበሩን ስቦ ሊቀመጥ አለና ተወው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በሩን ተመለከተና «ስለዚህ ጉዳይ እንዳልናገር ተመክሬአለሁ» አለኝ። ጥላቻዬን ይዤ ነበር የገባሁት፤ ስወጣ ግን ለማን እንደምሰጠው አላወቅሁም። እርሱም እንደ እኔ በዚያ ባዶ ቦታ ሲዞር የሚያድር መሰለኝ። ቢሆንም ክሱን መሠረትሁ፤ 2 ዓመቱ ሊሞላ 11 ቀን ሲቀረው። ሌላ የመጠየቂያ በር አልተተወልኝም።

አዛውንቱ አሁንም ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት የገቢ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር እያሳለፉልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገረህ?» አሉኝ።

«አልነገረኝም።»

አንገታቸውን ደፉ። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። ወረቀቱን ሳየው መፈረም ረስተዋል።

መልሼ ሰጠኋቸውና «ጋሼ፣ ፊርማ» አልኋቸው።