ለሚዜ ሰንጢ ይሰጣል እንዴ?

ሠርግና ሞት አንድ ነው ይላል ያገሬ ሰው። ሁለቱም ላይ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ በመጨረሻ ዕዳው የሚቀረው ለባለቤቱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ በዕዳው ላይ አዲስ ነገር ተጨምሮላችኋል፤ የሚዜ ስጦታ! ድሮ ሚዜ በልቶ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ይመለስ ነበር። ዛሬ ክራቫቱ አንድ ዓይነት መሆኑ አልበቃ ብሎ ለያንዳንዱ መታሰቢያ ካልተሰጠ ሠርጉ ጎዶሎ ነው እየተባለ ነው።

ነገሩ ክፉ አይደለም። ሚዜነት እኮ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። በባህላችን አንደኛ ሚዜ ለሙሽሪት እንደ ወንድም ሆኖ የሚሰጣት ሰው ነው። ባሏ ሲያስቀይማት ወላጆቿ ዘንድ ከመሮጧ በፊት አቤት የምትለው ለእሱ ነው። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይሰጣል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ አዲስ አበባ የሚሠራ የአዲስ ቅዳም ልጅ የሆነ ወዳጄ ነው። ለጥር ሠርጉ ሽርጉድ እያለ ሳለ ስልኩ ላይ ስም የተቀረጸበት የፈረንጅ ሰንጢ አሳየኝ። እነሱ አገር ሙሽራ ለሚዜዎቹ ይሰጠዋል። የኛ ሙሽራ ስድስት ሚዜ አለው። የአንዱን ዋጋ በስድስት ስናባዛው እኔን ሳቅ፣ እሱን ላብ አጠመቀን!

እርግጥ የከተማ ልጅ ሰንጢ ሲባል ትዝ የሚለው የዱርዬ ጠብ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ስለት ወዳጅነት ይቆርጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ለዚህም ተቀባዩ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ይሰጥና «ገዛሁት» ይላል። እኔ ግን እላለሁ፤ ጥሬ ሥጋ በሚቆረጥበት ሠርግ ስለት ምን ነውር አለው? እንዲያውም ነውሩ ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ መንሳት ነው!

ስለዚህ ሐሳቡን ወደድኩት፣ ዋጋውን ጠላሁት። «አገርህ ባለ እጅ የለም እንዴ?» አልኩት። አዲስ ቅዳም በዳንግላና በእንጅባራ መካከል፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። የወረዳው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ ከሰል የሚያከስል ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ከሰል ባለበት ወናፍ አይጠፋም። ተያይዘን ሄድን።

ያገኘናቸው ሽማግሌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጠው፣ አግለው፣ ቀጥቅጠው ትንሽ ካራ ያወጣሉ። እጀታው ወይራ ነው። ስሙን በጋለ ምስማር እንጨቱ ላይ ይጽፉታል፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የስድስቱ ዋጋ ከፈረንጁ የአንዱን አልሞላም።

እናንተም እንዲህ ልታደርጉ ካሰባችሁ ምክሬን ስሙ። አንደኛ፣ ለአንድ ሚዜ የምታወጡት ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይብለጥ። ሁለተኛ፣ ስም ከማስጻፋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁት። ኃይሉ በየትኛው «ሀ» ነው? ሠናይትስ በየትኛው «ሠ»? እሳት የጻፈውን ላጲስ አያጠፋውም! ስምና ዓመተ ምሕረት ይበቃል፤ ምርቃቱን በአፋችሁ ጨምሩት። ሦስተኛ፣ ቢያንስ ከወር በፊት እዘዙ፤ በሠርግ ወራት ባለሙያው ፋታ የለውም። አራተኛ፣ ባሌስትራ ይዝጋል፤ ታጥቦ ይድረቅ፣ ጠብታ ዘይት ይቀባ። አምስተኛ፣ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ በሆነበት በዚህ ጊዜ ሚዜያችሁ ካራውን ኪሱ ከትቶ አይጓዝ። ከዕቃው ጋር ይጠቅልለው። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነም በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቤት ስንደርስ መጣ። የወዳጄ አክስት ሰምተው «አንተ ልጅ፣ ከቀጥቃጭ እጅ የወጣ ነገር ለሠርግ?» አሉ። ጉድ በሉ! እኒህ ሴት ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላዋ ከየት የመጣ መሰላቸው?

የኛ ነገር እንዲህ ነው። በማረሻው እናርሳለን፣ በካራው እንቆርጣለን፣ ሠሪውን ግን ጠይብ፣ ቡዳ ብለን ልጃችንን እንከለክለዋለን። አጼ ምኒልክ ሰው በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም ነበር። መቶ ዓመት አልፎት እንኳ ከአክስታችን ጆሮ አልደረሰም። አዊ ደግሞ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ የዓድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ሲያስብ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ልጓሙን የቀጠቀጠውን ሰውዬ ግን ማን ያነሳዋል?

ወዳጄ አክስቱን አልተከራከረም። ካራዎቹን ሊረከብ ሲሄድ ከቀሪው ሒሳብ ጋር የጥሪ ካርድ ጨምሮ ሰጣቸው። ሽማግሌው ካርዱን አገላብጠው አዩትና «መጥቼስ የት ነው የምቀመጠው ልጄ?» አሉ። ይህን የጠየቁት ለቀልድ አልነበረም። «ከሚዜዎቼ ጎን ነዋ ጋሼ!» አላቸው።

መጡ። ፊቱን ያጠቆረ ዘመድ ነበር፣ ሳህኑን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የተሻገረም ነበር። ሠርጉ ግን አልፈረሰም፤ ሥጋውም በእሳቸው ካራ ተቆረጠ።

እናላችሁ ሙሽሮች፣ ስም የተጻፈበት ካራ ለሚዜ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ያገለግላል፣ ሰውዬው ባነሳው ቁጥር ያስታውሳችኋል። ስታዝዙ ግን የጥሪ ካርዱንም አብራችሁ ያዙ። እጁን ፈልጋችሁ ሰውየውን ከደጅ ካስቀራችሁት በገዛ ሠርጋችሁ ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ ከሚነሳው የባሳችሁ ናችሁ።

ጋብቻችሁ የአብርሃም የሣራ ይሁን!