ዶሃ ላይ ላብ አይደርቅም

እኛ አገር ሩጫ የማለዳ ጉዳይ ነው። እንጦጦና ሱሉልታ የሚሮጡ ልጆቻችን ጤዛው ሳይረግፍ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ቁርስ ላይ ናቸው። ካታሮች ግን የ2012ን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲያስተናግዱ ማራቶኑን ያስጀመሩት ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ለ6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ!

ምክንያቱን ለማወቅ ከዶሃ አየር ማረፊያ በር መውጣት ይበቃል። የሚቀበላችሁ አየር፣ እናታችሁ አክንባሎውን ስታነሳ ፊታችሁን የሚመታው እንፋሎት ነው። መነጽሬ ወዲያው እንፋሎት ለበሰና ታክሲውን ከምሰሶው መለየት አቃተኝ። ሊቀበለኝ የመጣው ወዳጄ፣ ዶሃ ውስጥ ዓመታት የቆየ የደሴ ልጅ፣ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «ገና ነው ወንድሜ፣ ነሐሴ ላይ ብትመጣ ምን ልትል ነው?»

በመስከረም ቀኑ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቢያቃጥለን ጥላ ስር ገብተን ወዲያው ጃኬት እንፈልጋለን። እዚህ ጥላው የሚያድናችሁ ከብርሃኑ ብቻ ነው። ፀሐይ ጠልቃ እንኳ ወበቁ አይለቅም፤ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ የሚተፋ ይመስላል። ታዲያ ሰዉ ሁሉ የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው፤ ከቀዘቀዘ ቤት ወደ ቀዘቀዘ መኪና፣ ከቀዘቀዘ መኪና ወደ ቀዘቀዘ ገበያ። ካሊፋ ስታዲየም ልንሄድ ስንል ወዳጄ «ሹራብ ያዝ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በረሃ ላይ የተሠራ፣ ጣሪያው መሐል ላይ ክፍት የሆነ ስታዲየም፣ ከመቀመጫው ስርና ከመሮጫው ዳር ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል! ሙክታር እድሪስ 5 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈውና ሰለሞን ባረጋ የተከተለው በዚህ የተገዛ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው።

ኮርኒሽ የሚሉትን የባሕር ዳር ጎዳና ግን ማን ያቀዝቅዘው? ማራቶኑ እዚያ ነበር፤ 7 ኪሎ ሜትር የሆነች ዙር 6 ጊዜ።

የሴቶቹ ውድድር የዋለው መስከረም 16 ነው። እኛ ደመራ ስንለኩስ ማለት ነው! አገር ቤት ሰው በእሳት ዙሪያ ነጠላውን ሰብስቦ ይዘምራል፤ እኛ ደግሞ ባሕር ዳር ቆመን በእጃችን ባንዲራ እናራግባለን፣ ግማሹ ለአገር ፍቅር፣ ግማሹ ለነፋስ። ውድድሩ ሲጀመር ሙቀቱ 32 ዲግሪ ግድም፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። 68 ሴቶች ተነሱ፤ የጨረሱት 40 ናቸው። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም የእኛ ልጆች፣ አቋርጠው ወጡ። ቃሬዛ የጫኑ ትንንሽ መኪኖች ሲመላለሱ ያየ ሰው ጭብጨባውን ይረሳል። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ፈጀባት። ይህችው ሴት ጥር 2011 ላይ በዱባይ ቀዝቃዛ ማለዳ 2:17:08 ሮጣለች። 15 ደቂቃውን የበላው ወበቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሮጥ ሰውነት ሙቀት ያመርታል፤ ያንን የሚያወጣው በዋናነት በላብ ነው። ላብ ግን የሚያቀዝቅዘው ሲወርድ ሳይሆን ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ውኃውም ጨውም ይባክናል፣ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። የእኛ ደጋ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታና ደረቅ አየር አለው። ያ ከፍታ ሳንባና ደም ይገነባል፤ ወበቅን ግን አያስተምርም። አገራችን ያፈራችው ጉልበት ሁሉ ሁሉም ቦታ ይሠራል ብለን ስለምናምን ይህን መቀበል ይከብደናል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ በረዶው ነው። እኛ ቤት ላብ ያለበት ሰው ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ አይፈቀድለትም፤ «ብርድ ይመታሃል» ትላለች እናት። ፀሐይ የመታውን ደግሞ ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሽተን በቡና እናጠጣዋለን። እዚህ አትሌቶቹ ከመሮጣቸው በፊት በረዶ የተሸጎጠበት ሰደርያ ይለብሳሉ፣ የተፈጨ በረዶ ይጠጣሉ፣ አንገታቸው ላይ በረዶ የተጠቀለለበት ፎጣ ያስራሉ። ሂት ስትሮክ የሚሉት፣ ማለትም የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮ የሚስትበት አደጋ፣ የደረሰበት ሰው ደግሞ እስከ አንገቱ በረዶ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ያውም ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት! ሕጉ «መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ» ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከቀዘቀዘ የመዳን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነውና። እናቴ ብታይ ሐኪሞቹን በድንጋይ ታባርራቸው ነበር። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ።

ሌላም ጉድ አለ። ፈቃደኛ አትሌቶች የሚዋጥ ቴርሞሜትር ውጠው ሮጠዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ሆኖ የሙቀታቸውን ልክ ይመዘግባል። ባለሙያዎቹ እንዲህ የሚለፉት ያለ ነገር አይደለም። በ2007ቱ የቤጂንግ ሻምፒዮና ከተጠየቁት አትሌቶች ለሙቀቱ አስቀድመው የተለማመዱት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልምምዱ ደግሞ ተአምር የለውም፤ ከ10 እስከ 14 ቀን በሙቀት ውስጥ መሥራት ነው። የደም ፈሳሹ ይበዛል፣ ልብ በዝግታ ይመታል፣ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ የጨው ይዘቱም ይቀንሳል። ልምምዱ አንድ ሳምንት ያህል ቢቋረጥ ግን ያገኙት መሸሽ ይጀምራል። ውኃ በብዛት መጋትም አያድንም፤ ከልክ ካለፈ ደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ራሱ ሊገድል ይችላል።

የወንዶቹ ሌሊት መስከረም 24 መጣ። ነፋሱ ደረቅ ብሎ ነበር፤ 29 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 50 በመቶ ግድም። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40፣ ሞስነት ገረመው ደግሞ ከ4 ሰከንድ በኋላ ገቡ። ከገዛኸኝ አበራ የ1993ቱ የኤድመንተን ድል ወዲህ በወንዶች ማራቶን ያገኘነው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነበር። ኮርኒሽ ላይ የነበረው ሐበሻ ሁሉ ተቃቅፎ ላቡን ተቀባባ። ወዳጄ ከአንድ መንገድ ዳር ሱቅ ካራክ ጋበዘኝ፤ ወተትና ሄል ያለበት ትኩስ ሻይ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በሌሊት፣ ትኩስ ሻይ!

ዓለማችን እየሞቀች ነውና እንዲህ ያለ ውድድር ይበዛ እንደሆን እንጂ አይቀንስም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወይም ወደ ጅቡቲ ሊሮጥ የሚሄድ ልጅ ካላችሁ፣ ትኬቱን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይቁረጥ። በረዶ ሲሰጡትም አትከልክሉት።