የሞተሩ ድምፅና የአጎቴ ጆሮ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ወላጆች ክብር አያሌ ጓደኞቼ ስለሚጽፉ፣ እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው አንድ ነገር፣ ይኸውም በዘመናችን ፈጣን መኪናዎች ውስጥ ስለሚሰማው የውሸት የሞተር ድምፅ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ሐሳቡን ያነሣሣብኝ ያለፈውን ክረምት በአሜሪካ አገር፣ ቨርጂንያ በሚኖሩት በአጎቴ ቤት ማሳለፌ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአገር ከመውጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ የሰማያዊና ነጮቹ ላዳ ታክሲዎች ሐኪም ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ መካኒኮች ኮምፒዩተር ሰክተው የሚያነቡትን ብልሽት እሳቸው የሚያገኙት በጆሮአቸው ነበር። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሮአቸው ያስጠጉና፣ «ቫልቮላው ነው» ወይም «ኩሽኔታው ተበልቷል» ይላሉ፤ ሲፈታም እንዳሉት ሆኖ ይገኛል። አባቴን ያስተማሩትና ቤተ ሰባቸውን ያሳደጉት በዚሁ ጆሮ ነው።

የአጎቴ ልጅ ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ገዛ። የፋብሪካውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ሞተሩ ተርቦ የተገጠመለት ሲሆን፣ ቤንዚን መስጫው ሲረገጥ እንደ አንበሳ ያገሣል። ልጁ ሙዚቃ ወዳድ ስለ ሆነ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ትልቅ የባስ ድምፅ ማጉያ አስገጠመበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው በዝግታ ሲሄድ፣ ሰው በባዶ እንስራ አፍ ላይ እንደሚያጉረመርም ያለ ድምፅ ይሰማበት ጀመር።

አጎቴ ኮፋኖውን ከፍተው አዳመጡ፤ ምንም የለም። ከሥር ገብተው ማርሚታውን ነካኩ፤ ደኅና ነው። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች መረመሩ፤ እነርሱም ደኅና ናቸው። ገብተው በሩን ዘግተው ሲነዱት ግን ጉርምርምታው አለ። ይልቁንም ግራ ያጋባቸው ግሣቱ ነበር፤ ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙት ግሣት፣ ውጭ ቆመው ከሚሰሙት የሞተር ድምፅ ጋር ከቶ አይገጥምም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሲደክሙ ሰነበቱ። አንድ ማታ ብቻችንን ሳለን፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ጆሮዬ ሳይከዳኝ አልቀረም» አሉኝ፤ ለማንም እንዳልናገርም አደራ አሉኝ። የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ መያዛቸውንም ያን ጊዜ ነገሩኝ። ለሌላ ሰው ይህ ተራ የእርጅና ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነበር። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ከመኪናው ጋር የመጣውን ወፍራም መመሪያ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥሁ። ሰው የማያነበው መጽሐፍ ቢኖር ይህ ነው። መኪናው የሞተሩን ድምፅ በሙዚቃ ድምፅ ማጉያዎች በኩል «እንደሚያሻሽል»፣ የማይፈለገውንም ጫጫታ እንደሚያጠፋ በአንድ ገጽ ላይ በጥቂት መስመር ተጽፏል። «ጋሼ፣ ይህን ይስሙ» ብዬ አነበብሁላቸው። አጎቴ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው የድምፅ ማጉያውን ፊውዝ ነቀሉና ይዘውኝ ወጡ። ግሣቱም ጉርምርምታውም አብረው ጠፉ። የቀረው ቀጠን ያለ፣ ትሑት የሞተር ድምፅ፣ የተርቦው ፉጨትና ከጎማ ሥር የሚፈናጠረው ጠጠር ነበር። አጎቴ እስከ ቤት ድረስ ሳቁ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርና ነጂው ቤንዚኑን ምን ያህል እንደ ረገጠ ይመለከትና፣ በዚያው ልክ የተዘጋጀ ድምፅ በማጉያዎቹ ያሰማል። ይህ የውሸቱ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው። በጣሪያው ላይ ያሉት ማይክሮፎኖች ጫጫታውን ያዳምጣሉ፤ ኮምፒዩተሩም የዚያን ማዕበል ግልባጭ ይልካል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ስለሚል ሁለቱ ይጣፋሉ። ይህን ሐሳብ ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ነገር ግን ግልባጩ በትክክለኛው ጊዜ መድረስ አለበት። የአጎቴ ልጅ የጨመረው ማጉያ ይህን ልክ ስላዛባው፣ ድምፅ ያጠፋል የተባለው መሣሪያ በማዕበል ላይ ማዕበል ይጨምር ነበር። የእንስራው ጉርምርምታ ምንጩ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ፋብሪካዎች ይህን ለምን ያደርጋሉ? ተርቦ የሚሽከረከረው በሚወጣው ጭስ ኀይል ስለ ሆነ የሞተሩን ጩኸት ያፍነዋል። ሕጉም ጠብቋል፤ የአውሮጳ ኅብረት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከ2016 ጀምሮ 72 ዴሲቤል፣ ቆይቶም 68 ዴሲቤል እንዲሆን ወስኗል። ገዢው ግን የድሮውን ግሣት ይፈልጋል። ስለዚህ በ2011 የወጣው ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 5 የሞተሩን ድምፅ በራዲዮው ማጉያዎች ያሰማ ጀመር፤ የ2015ቱ ባለ አራት ሲሊንደር ፎርድ ሙስታንግም እንዲሁ። ቮልስዋገን ደግሞ በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር የሚንቀጠቀጥ ትንሽ ክብ መሣሪያ ገጥሟል።

ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ሌክሰስ 500 ብቻ ለሠራው ኤል ኤፍ ኤ ለተባለው መኪና፣ የሙዚቃ መሣሪያ በመሥራት የታወቀው ያማሃ አየር ከሚስበው ክፍል ወደ ነጂው የሚደርሱ የድምፅ መንገዶች አበጅቶለታል። ያ የራሱ የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ማጉያ የለበትም። እንዲህ ያለውን አጎቴም አይቃወሙትም፤ የካቻቢቴያቸው ታናሽ ወንድም ነውና።

በአጎቴ ቤት ግን ክርክሩ ገና መጀመሩ ነበር። እሑድ ቡና እየተጠጣ ሳለ አጎቴ መሣሪያው ለዘለቄታው ይነቀል አሉ። ልጃቸው፣ «አባዬ፣ እኔ ገንዘብ የከፈልሁት ለዚያ ድምፅ ነው» አለ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ደግሞ፣ «ግሣቱ ይቅር፤ ጫጫታ ማጥፊያው ግን ይኑርልኝ፤ በረጅም መንገድ ራሴን ያመኛል» አሉ። ችግሩ ሁለቱም ሥራ በአንድ ሳጥን ውስጥ መሆኑ ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ አይቻልም። በመጨረሻ የአጎቴ ቃል ጸንቶ፣ ባትሪው ተፈትቶ የሳጥኑ ሶኬት ተነቀለ። መኪናው አልተበላሸም። ነገር ግን በአውራ ጎዳና ላይ ወፍራም የሆነ እምታ ጆሮን የሚጫን ሆነና እትዬ ዳግመኛ በዚያ መኪና አልሄድም አሉ።

እኔ በዚህ ነገር ከእትዬ ጋር ነኝ። ጫጫታን ማጥፋት ክፉ ሥራ አይደለም፤ ሆንዳ በ2005ቱ ኦዲሲ መኪናው ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ከስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስቱን ሲያሳርፍ የሚፈጠረውን እምታ በዚሁ ዘዴ አስወግዷል። ግሣቱ ግን ሌላ ነው። የሌለውን ኀይል እንዳለ አድርጎ ለነጂው ይነግረዋል፤ የሚያቆላምጠውም ገንዘብ የከፈለውን ሰው ነው። ቢያንስ ነጂው ጣቱን ጭኖ የሚያጠፋው ቁልፍ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ በአንዳንድ መኪናዎችም አለ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ከተማችንም አንድ ነገር ልበል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በዝግታ ሲመጡ ኮቴ የላቸውም። አውሮጳ በ2019 ለአዳዲስ ዓይነቶች፣ በ2021 ደግሞ ለማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ አዟል። ያም ሠው ሠራሽ ድምፅ ነው። ነገር ግን የሚሰማው ዱላውን ይዞ ከመንገድ ዳር ለቆመው ዓይነ ሥውር ስለ ሆነ እኔ ውሸት ብዬ አልጠራውም።

አጎቴ የሐኪሙን ቀጠሮ አልሰረዙም። ሐኪሙም ቀጫጭን ድምፆችን መስማታቸው ጥቂት እንደ ቀነሰ፣ ወፍራሙን ግን በደኅና እንደሚሰሙ ነገራቸው፤ «ሞተር ወፍራም ነው» ብለው ተደስተው ተመለሱ። የአጎቴ ልጅ፣ እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ተጨማሪውን ማጉያ አውጥቶ ሳጥኑን መልሶ ሰክቶታል አሉ። አጎቴም በዚያ መኪና ሲሄዱ፣ በብርድም ቢሆን፣ በጎናቸው ያለውን መስኮት ዝቅ ያደርጋሉ።