ረቡዕ፣ ቴፒ ላይ

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ቀን ፈጀንበት፤ እናንተም አትቸኩሉ።

በማግስቱ ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ከጎናችን ተቀመጡ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና፣ ሙዝ፣ እንሰት፣ ኮረሪማ ነው። (በዓለም ገበያ እጅግ ውድ የሆነው የጌሻ ቡናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው።) ቴፒ ስንደርስ «ቤታችን ቡና ሳትጠጡማ አታልፉም» አሉን።

እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። ባለቤቴ «ሰበብ ፈልጊ» ብሎ አንሾካሾከልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እየፈለግሁ ነበር፤ ግን አጥቼ ገባን።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቆጮ በቅቤ ቀረበ።

«የኔ እህት፣ ዛሬ እኮ ጾመኞች ነን» አልኳት፤ ፊቴ እየጋለ።

ደንግጣ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ያስቀየምናት መስሎኝ ባለቤቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ስትመለስ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብል ጋር የፈላ የቡና ቅጠልም ይዛለች። «ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!» ብላ ሳቀች። ባሏ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ረዘም አድርጎ ጸለየ፣ ባለቤቴ አማተበ፣ አሜን ሁላችንም አልን።

ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሲመሽም እዚያው አደርን።

ልጃቸው አዲስ አበባ ትማራለች። አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኗ ወጥታ ምሳ ከእኛ ጋር ነው። ባለፈው ወር እናቷ የላከችልንን ቡናና ኮረሪማ ይዛልን መጣች።