አድራሻው የት ላይ ያበቃል?

በአማርኛ ጽሑፍ የአንድ ቃል ድንበር የሚታወቀው በባዶ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩን የሚለየው አንባቢው ነው። ይህን ከሰዋስው መምህር ሳይሆን ከኮምፒውተር ተማርሁት ብል አንባቢዬ ይስቅብኝ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ስለ የካና ስለ እንጦጦ፣ ይኸውም ከአለት ስለ ተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል፣ ስለ እንጦጦ ማርያምና በተራራው ላይ ስላለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ፣ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የንባብ ዝርዝር ለማዘጋጀት ተነሣን። ጓደኞቻችን ባሰባሰቡት ጽሑፍ ውስጥ ብዙ የድረ ገጽ አድራሻዎች ተሰግስገው ነበር። አድራሻዎቹ እንደ ተራ ጽሑፍ የተጻፉ ስለ ሆኑ አንባቢ ቢነካቸው አይከፈቱም። ሊንክ እንዲሆኑ እያንዳንዳቸው በኤችቲኤምኤል መለያ መታቀፍ አለባቸው፤ ይህም በእጅ ቢሠራ የቀናት ልፋት ነው።

ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል፤ የምንፈልገውን ጽሑፍ መልክ የምንገልጽበት ደንብ ነው። ሐሳቡን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ እ.ኤ.አ. በ1951 አመነጨው፤ ኬን ቶምሰንም በ1968 ለጽሑፍ መፈለጊያ የሚውልበትን መንገድ አሳተመ። «በኤችቲቲፒ የሚጀምርና ባዶ ቦታ እስኪመጣ የሚቀጥል ሁሉ አድራሻ ነው» ብለን እናዘዋለን። እርሱም ያገኘውን ሁሉ ሁለት ጊዜ መልሶ ይጽፈዋል፤ አንዱን በመለያው ውስጥ ለማሽኑ፣ ሁለተኛውን ለአንባቢው ዓይን።

ይሁንና ይህ ደንብ አማርኛን አያውቅም። እኛ አራት ነጥብን ከቃሉ ጋር አጣብቀን እንጽፋለን፤ ደንቡም ባዶ ቦታ ስላላየ ከአድራሻው ጋር ይውጠዋል። ጥንት ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ እንኳ በዩኒኮድ ዘንድ የተቆጠረው ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከባዶ ቦታ አይደለም። ከአድራሻው ፊት «በ» ወይም «ከ»፣ ከኋላው ደግሞ «ን» ይለጠፋል። «አድራሻ በቃል መነሻ ላይ ብቻ ይጀምር» ብለን ብናጠብቀው፣ የግዕዝን ፊደል እንደ ፊደል የሚያውቅ መሣሪያ «በ»ን የቃሉ መነሻ አድርጎ ይቆጥርና አድራሻውን ጨርሶ ያልፈዋል።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በቆጠበው ገንዘብ ካርድ የሞላ ተማሪ ሊንኩን ሲነካ «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣበታል። እርሱም ጽሑፉ የጠፋ ይመስለዋል እንጂ በአንድ አራት ነጥብ ምክንያት እንደ ቀረበት አያውቅም።

አንዳንዶች «ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ ይተው» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ደንቡ ለጽሑፋችን ይገዛ እንጂ ጽሑፋችን ለደንቡ አይገዛ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአድራሻ ሥርዓት የሚፈቅደው የላቲንን ፊደላት፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ስለዚህ «ባዶ ቦታ እስኪመጣ» ማለትን ትተን «የተፈቀዱት ምልክቶች እስኪያበቁ» ብንል አራት ነጥቡም «ን»ም ከውጭ ይቀራሉ።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ አድራሻ በስክሪን ላይ በግዕዝ ፊደል ይታያል፤ በሥርዓቱ መሠረት ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይወስዳል፤ «እንጦጦ» ብቻውን 36 ይሆናል። አንድ ሰው በግዕዝ የታየውን አድራሻ ገልብጦ በመጨረሻው ላይ «እንጦጦን» ብሎ ቢጽፍ፣ አዲሱ ደንብ ከ«እ» በፊት ይቆማል፤ አሮጌው ደግሞ «ን»ን ይጨምራል። «ን» ከተራራው ስም ውስጥ አለመሆኑን አማርኛ አንባቢ እንጂ ሁለቱም ደንቦች አያውቁትም።

ስለዚህ ብዙውን ሥራ ደንቡ ይሥራ፤ ከአድራሻ ጋር የግዕዝ ፊደል የተጣበቀበትን መስመር ሁሉ ግን ለይቶ ያውጣልን። ያንን እኛ ተቀምጠን በዓይናችን እናንብብ፤ ሊንኩንም ለተማሪው ከመስጠታችን በፊት ራሳችን ከፍተን እንየው።