ጣት የለመደውን መተው

ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወዳጆቼ፣ እስቲ ዛሬ መሣሪያ ስለመቀየር እንጫወት። ፕሪሚየር ላይ ዓመታት የቆየ ሰው «ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ልሂድ ወይስ ባለሁበት ልርጋ?» እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ መስማት የተለመደ ሆኗል። እኔ ሂዱ ባይ ነኝ። አካሄዱ ላይ ግን የምለው አለኝ።

ሰውን ከቦታው የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ነው። የፕሪሚየር ባለቤት አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 አንዴ ከፍሎ ፕሮግራሙን የራስ ማድረግን አስቀርቶ አዲስ የሚያወጣውን ሁሉ በየጊዜው የሚከፈልበት አደረገው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ይህ ከካርዱ የምትቆረጥ ሒሳብ ናት። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለው ግን በየወሩ ዶላር መፈለግ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙው ሰው በክራክ ነው የሚሠራው። ክራክ ቫይረስ ይዞ ይገባል፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን፣ «ቪዲዮዬን ወስደው ቻናላቸው ላይ ጫኑብኝ» ብለን የምንቆጣ ሰዎች የሌላውን ድካም ሳንከፍል መጠቀማችን ነው።

ዳቪንቺ ሲነሳ የፊልም ቀለም ማስተካከያ ነበር፤ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚገዛ፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የሚደፍሩት። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራውን ኩባንያ ገዛና ዋጋውን አወረደው፤ ቆየት ብሎም ነፃ ቅጂ አወጣ። በነፃው ውስጥ ቆረጣው፣ ቀለሙ፣ ድምፁና ኢፌክቱ አንድ ላይ አሉ፤ እስከ ፎርኬ ድረስም ያወጣል። ስቱዲዮ የሚባለው የሚከፈልበት ቅጂ ለዓመታት 295 ዶላር ሲሸጥ ኖሯል፤ ክፍያውም አንዴ ብቻ ነው። ለጀማሪ ነፃው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳትጠብቁ፦ መሣሪያ ስለቀየራችሁ ቪዲዮው አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ካን ላይ ያሸነፈው፣ በማግስቱም ዓመት ኦስካር የወሰደው የኮሪያው «ፓራሳይት» የተቆረጠው አፕል ከዓመታት በፊት በተወው በአሮጌው ፋይናል ከት 7 ነው። ያ ፕሮግራም የተተወበት መንገድም ትምህርት አለው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 አዲሱን ፋይናል ከት ሲያወጣ የድሮውን ፕሮጀክት መክፈት አይችልም ነበር፤ ስንት አቀናባሪ ተቆጥቶ ወደ ፕሪሚየር ኮበለለ።

ዛሬም ከፕሪሚየር ወደ ዳቪንቺ ሲኬድ የድሮው ፕሮጀክት እንዳለ አይሻገርም። ፕሮጀክታችሁን በኤክስኤምኤል አውጥታችሁ ዳቪንቺ ላይ ብትከፍቱት ቁርጦቹ ይመጣሉ፤ ኢፌክቱ፣ ጽሑፉና ፕላግኢኑ ግን ይቀራሉ ወይም ተበላሽተው ይደርሳሉ። ስለዚህ የተጀመረ ሥራ ይዛችሁ አትሻገሩ። የጀመራችሁትን በጀመራችሁበት ጨርሱት፤ ያለቀውን ከነጽሑፉም ያለ ጽሑፍም በጥሩ ጥራት አውጡና ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት።

ከዚያ የጣቱ ጉዳይ አለ። አዲስ ቤት የገባ ሰው በጨለማ ማብሪያውን ሲፈልግ ግድግዳ እንደሚዳስስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲሁ በመዳሰስ ያልፋሉ። ደግነቱ ጄ፣ ኬ፣ ኤል የሚባሉት ቁልፎች በፕሪሚየርም፣ በፋይናል ከትም፣ በዳቪንቺም አንድ ናቸው፤ ወደ ኋላ፣ ቁም፣ ወደ ፊት። ዳቪንቺ የኪቦርድ አቀማመጡን ወደ ፕሪሚየር ወይም ወደ ፋይናል ከት የሚለውጥ ምርጫም አለው። ያንን አብሩት፤ ጣታችሁን በግድ እንደገና ማሠልጠን የለባችሁም።

የፍሬም ሬቱን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ዳቪንቺ ላይ ክሊፕ ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት መለወጥ አትችሉም። ስልካችሁ በ30፣ ካሜራችሁ በ25 የሚቀርጽ ከሆነ በየትኛው እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊደሉ ነው። ብዙዎቹ የሚያማምሩ ዝግጁ ርዕሶች ለላቲን የተሠሩ ናቸው፤ አማርኛ ሲጻፍባቸው ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ፣ ወይም ፊደሉ ከዲዛይኑ ጋር የማይሄድ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የመስመሩን ርቀት ሰፋ አድርጉ፤ የፊደላችን እግርና ቅጥያ ከታችኛው መስመር ጋር እንዳይነካካ። አንዴ ያማረላችሁን ርዕስ ማስቀመጥና በየቪዲዮው መጠቀም ይቻላል። ተመልካች ቻናላችሁን የሚለየው በዚህ ነውና ጊዜ ስጡት።

ዳቪንቺ ግራፊክስ ካርድ ይበላል። ላፕቶፓችሁ ከተንቀረፈፈ ፕሮክሲ ሥሩ፤ ቀለል ባለው ቅጂ ቆርጣችሁ በኦሪጅናሉ ታወጣላችሁ። መብራት ድንገት ይጠፋልና ላይቭ ሴቭና የፕሮጀክት ባክአፕ መከፈታቸውን አይታችሁ ጀምሩ።

በስልክ ብቻ ቀርጻችሁ በካፕከት አጫጭር የምትሠሩ ከሆነ መቀየር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብቻ ኦሪጅናሉን ቀረጻ አትጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ሲዘጋ ካፕከትም አብሮ ጠፍቶ ነበር፣ በኋላ ቢመለስም።

ለመጀመር አጭር፣ ቀነ ገደብ የሌለው ቪዲዮ ምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዳቪንቺ ጨርሱት። የበዓል ፕሮግራም ወይም የሰርግ ሥራ እጃችሁ ላይ ካለ ግን አሁን አትንኩት፤ በዓሉ ይለፍ።